ሙሽራዋ ለምን ወፈረች?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩላችሁ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ሳሎኗ ከበሩ እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ሦስት ሜትር ብትሞላ ነው። ገና ስገባ ያየሁት ግን ወዳጄን አይደለም፣ ባለቤቱንም አይደለም፣ የተጎዘጎዘውን ቄጤማም አይደለም። ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ይዞ የተንጣለለ ጥቁር ነገር ነው። ሰባ አምስት ኢንች! የመስኮቷን ግማሽ ሳይቀር ሸፍኗታል። «ብርሃኑስ ከየት ሊገባላችሁ ነው?» አልኩት። «ይኸው ብርሃን!» ብሎ ሪሞቱን ተጫነው። እውነትም ብርሃን ሆነ፤ ዓይኔን በእጄ ጋረድኩ።

ከዚያ በኋላማ ምን ጨዋታ አለ! እሱ ስለ ቴሌቪዥኑ ያወራል፤ ቴሌቪዥኑ ስለ ዓለም ያወራል፤ እኔ አንገቴን አሻለሁ። ኳስ ነበርና የሚታየው፣ ኳሷ ከቀኝ ወደ ግራ ስትሻገር ጭንቅላቴ አብሯት ይሻገራል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሜ መኪና የምቆጥር ነው የመሰለኝ። ስወጣ «እንዴት ነው ታዲያ?» አለኝ። ምን ልበል? «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩ። የሰው እቁብ አይነቀፍ ነገር!

እኔ የምለው… ቴሌቪዥን የምንገዛው ለማን ነው? ለምናየው ለኛ ነው ወይስ እኛን ለሚያየን እንግዳ?

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ዕቃው የጥቂት ሰዎች ነበር። ባለ እንጨት ሳጥን፣ አንዳንዱም መዝጊያ ያለው፣ ከላዩ ዳንቴል የለበሰ የቤት ጌጥ! በ1976 ዓ.ም. ማብቂያ የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር ስርጭቱ ቀለም ሲለብስም፣ ከለር ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ያኔ ግን አንድ ነገር ነበር። ሳጥኑ የአንድ ሰው ይሁን እንጂ ተመልካቹ ሰፈሩ ነው። አባባ ተስፋዬን ለማየት የሰፈር ልጅ ሁሉ እግሩን ታጥቦ ባለ ቴሌቪዥኑ ቤት ወለል ላይ ይደረደራል፤ ቦታ ያጣ በመስኮት ያያል። ሃያ ልጅ በሃያ አንድ ኢንች! «ሃያ አንድ ኢንች አነሰን» ያለ ልጅ አላስታውስም።

ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ ሁሉንም «ፕላዝማ» አልነው። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳተላይት የሚሰራጭ ትምህርት መጣና፣ ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣ እንግሊዝኛ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ መናገር ጀመረ። መምህሩ መግቢያ ተናግሮ ዘወር ይላል፤ ፕላዝማው ያስተምራል። ተማሪው «አልገባኝም» ብሎ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አያየውም። አንድ አስተማሪ ወዳጄ «በገዛ ክፍሌ የሪሞት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ» ይለኝ ነበር። ስክሪን ሰፋ ማለት ዕውቀት ሰፋ ማለት እንዳልሆነ ያኔ ነበር መማር የነበረብን። አልተማርንም። እንዲያውም ትላልቆቹ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2014 ገደማ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ሥራ እርግፍ አድርገው ትተውት እኛ ዛሬም የማንንም ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን «ፕላዝማ» ማለታችንን አልተውንም። ዕቃው ሞተ፤ ስሙ እኛ ጋ ይኖራል።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። አክስቴን እቴቴ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አምስትን አልፏል። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ልጆቻቸው ሦስቱም አሜሪካ ናቸው። የድሮው ቴሌቪዥናቸው አንድ ምሽት መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ጢስ አለና እስከ ወዲያኛው አሸለበ። ልጆቹ ይህን ሰምተው ገንዘብ ላኩ። ትልቋ ልጃቸው ደውላ ለኔ የሰጠችኝ መመሪያ አጭር ነው፤ «ትልቁን ግዛላት። ከስድሳ አምስት ኢንች እንዳታንስ። ዓይኗ ደክሟል።»

ከእቴቴ ጋር መርካቶ ወረድን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ማለቴ ነው፣ የዕቃ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ልብ ይፈልጋል። ጠዋት የተነገራችሁን ከሰዓት ብትመለሱበት «እሱ የጠዋቱ ነው» ትባላላችሁ፤ ልክ እንደ ዳቦ!

ሱቁ ውስጥ ግድግዳው በሙሉ ቴሌቪዥን ነው። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይታያል፤ በቀቀን፣ አበባ፣ ለሁለት ሲሰነጠቅ ውኃው የሚፈናጠቅ ብርቱካን፣ በሌሊት የሚያብረቀርቅ የማናውቀው ከተማ። ልጁ «ማዘር፣ ይዩልኝ ጥራቱን! በእጅዎ የሚነኩት ነው እኮ የሚመስለው» ይላል። እቴቴ ብርቱካኑን አይተው አይተው «ይኼ በየስንት ሰዓቱ ነው የሚመጣው?» አሉ።

አትሳቁ። እውነተኛው ጥያቄ ይሄ ነው። የሱቁ በቀቀን ቤታችሁ አይመጣም። እሱ ዕቃው እንዲሸጥበት ታስቦ በከፍተኛ ጥራት የተቀረጸ ነው፤ ቴሌቪዥኑም ለሱቅ እንዲሆን ብርሃኑና ቀለሙ እስከ ጥግ ተለጥጧል። ቤት ስትወስዱት የሚታየው ከዲሹ የሚመጣው ዜናና ድራማ ነው። የፎርኬ ስክሪን ስምንት ሚሊዮን የሚያህሉ ነጥቦች አሉት፤ ፉል ኤችዲ የሚባለው ሁለት ሚሊዮን ገደማ። የምታዩት ጣቢያ የሚልከው ሁለት ሚሊዮን ከሆነ ታዲያ የቀረውን ስድስት ሚሊዮን ማን ይሞላዋል? ቴሌቪዥኑ ራሱ ገምቶ ነዋ! አንድ ሰምቶ ሦስት ጨምሮ እንደሚያወራ ጎረቤት ማለት ነው። ጥሩ ገማች አለ፣ መጥፎ ገማችም አለ፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ግን በበቀቀን አይደለም።

ደግሞ ከካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «ፎርኬ» እና «ፎርኬ ይቀበላል» አንድ አይደሉም። የሁለተኛው ትርጉሙ ፎርኬ ምስል ብትልኩለት አሳንሶ ያሳያችኋል ነው። «ኤልኢዲ» ሲሏችሁም አዲስ ፍጥረት እንዳይመስላችሁ፤ ያው ኤልሲዲ ነው፣ ከኋላ የሚያበራለት አምፖል ነው የተቀየረው። «ኦሌድ» የተባለው ግን እውነትም ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ለራሱ ይበራል፣ ለራሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥቁሩ የእውነት ጥቁር ነው። ዋጋውም የእውነት ዋጋ ነው።

«ወንበር አለህ?» አልኩት ልጁን። ግራ ገባው። «ለምን ጋሼ?»

«እሳቸው ቁጭ ብለው ነው የሚያዩት።»

እዚያ ሱቅ ቴሌቪዥን ለመግዛት መጥቶ ወንበር የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ልብ ብላችሁ ከሆነ ቴሌቪዥንን ቆመን እንመርጠውና ዕድሜ ልካችንን ተቀምጠን እናየዋለን። ያውም ስንመርጠው ከሱቁ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሆነን፣ ስናየው አፍንጫችን ስር አድርገን። እኔ ከቤት ስወጣ የእቴቴን ሳሎን በሜትር ለክቼ ነበር። ከወንበራቸው እስከ ቡፌው ድረስ 180 ሴንቲ ሜትር ነው።

አንድ ቀላል ሒሳብ አለች። የቴሌቪዥኑን ኢንች በአራት አባዙት፤ የሚመጣው ቁጥር በሴንቲ ሜትር ሲወሰድ፣ ለጥሩ ምስል የሚስማማው የመቀመጫ ርቀት እሱ ነው። 43 ኢንች ለ172 ሴንቲ ሜትር፣ 55 ለ220፣ 65 ለ260። ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ማለት ይቻላል፤ የአንድ ሜትር ስህተት ግን አይቻልም። የቆየና ጥራቱ ያነሰ ምስል ከሆነማ እንዲያውም ከዚህም መራቅ ያስፈልጋል፤ ቀርባችሁ ካያችሁት ሰውየው ሳይሆን ነጥቡ ነው የሚታያችሁ። በዚህ ስሌት ያ ባለ ሰባ አምስት ኢንች ወዳጄ ቴሌቪዥኑን ተመችቶት ሊያይ ሦስት ሜትር ያስፈልገዋል። ማለትም የሶፋውን ጀርባ በሩን አሳልፎ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ማድረግ አለበት።

ልጁ ወንበሩን አመጣ። እቴቴ መቀነታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ከስድሳ አምስቱ ፊት፣ ልክ በ180 ሴንቲ ሜትር። «እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ትልቅ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። የኛ ትልልቅ ሰዎች ያልወደዱትን ነገር የሚያመሰግኑበት መንገድ አላቸው።

ይኼኔ ነው እቴቴ ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንዲት ፍላሽ ያወጡት። «እስቲ ይቺን አሳየኝ» አሉት ልጁን።

የትልቋ ልጃቸው የሠርግ ቪዲዮ ነው። ሠርጉ በ1988 ዓ.ም. ነበር፤ ቪዲዮው ከካሴት ወደ ፍላሽ የተገለበጠ ነው። በቀቀኑ ጠፋና ዳሱ ብቅ አለ። የዚያ ዘመን ቀረጻ እንደምታውቁት ካሜራው አንዴ ኬኩ ላይ፣ አንዴ አምፖሉ ላይ ነው። ሙሽራዋ ወጣች። እኔ በበኩሌ ደነገጥኩ። ያቺ ሸንበቆ የመሰለች ልጅ ወፍራለች! ሚዜዎቹ ወፍረዋል፤ መኪናው ጠፍጥፏል፤ ኬኩ እንኳ ወደ ጎን አብጧል። ከዚያ የእቴቴ ባለቤት ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው እስክስታ እየመቱ መጡ። አጭር፣ ድቡልቡል ያሉ ሰው ሆነዋል።

እቴቴ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «ይኼ እሱ አይደለም» አሉ። «የኔ ባል ቀጭን፣ ረዥም ነበር።»

ልጁ «ማዘር፣ ስክሪኑ ሰፊ ስለሆነ ነው፤ ሙሉውን ሲይዝ ነው የሚያምረው» አለ።

እስቲ እዚህ ጋ ትንሽ እንቁም። የድሮው ቴሌቪዥን ወርዱና ቁመቱ አራት ለሦስት ነበር። ያሁኑ አሥራ ስድስት ለዘጠኝ ነው። የድሮውን ምስል አሁን ባለው ስክሪን ላይ ጎትታችሁ ሙሉውን ካስያዛችሁት ሁሉም ነገር ወደ ጎን በሲሶ ይሰፋል። ሲሶ! ሰው ፊቱ በሲሶ ሰፍቶ ሰውየው ራሱ ሊሆን ይችላል? በትክክል ለማየት ምስሉን በራሱ ልክ መተው ነው፤ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ይቀራል፣ ይቅር። ከስክሪኑ ወርድ ሩቡ ባዶ ይሆናል። እኛ ግን ባዶ ቦታ አንወድም። «ለከፈልኩበት ኢንች ለምን ጥቁር ይታየኛል?» እንላለን። ስለዚህ ስክሪኑ እንዲሞላ ሰውን እንጎትታለን። ስንት ቤት ነው የሟች አባትና እናት ቪዲዮ፣ የድሮ ድራማ፣ የድሮ ዘፋኝ በዚህ ዓይነት እየወፈረ የሚታየው? ከዚያ የሚያሳዝነው ደግሞ መልመዳችን ነው። የዛሬ ልጆች እኮ የድሮ ሰው ሁሉ አጭርና ወፍራም የነበረ ነው የሚመስላቸው!

«ሪሞቱን እስቲ አምጣው» አልኩት። ልጁ በገዛ ሱቁ ያንን ነገር ፈልጎ አያውቅም መሰለኝ፣ ብዙ ቁልፍ ነካካን። የስክሪን መጠን የሚለውን አገኘነውና አራት ለሦስት አደረግነው። ጥቁሩ ከሁለቱም ወገን መጥቶ ቆመ። እቴቴ ፊት ለፊት አንድ ቀጭን፣ ረዥም ሰው ከዘራቸውን አንስተው እስክስታ ወረዱ።

ሱቁ ውስጥ ማንም አልተናገረም። እቴቴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉና «አዎ፣ እሱ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ድምፁ ግን የት ሄደ?» አሉ።

ይኼም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቴሌቪዥኑ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ድምፅ ማጉያው የሚቀመጥበት ቦታ ያጣል። የብዙዎቹ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ነው የሚናገረው፤ ለግድግዳው ነው የሚያወራው ማለት ነው። ያ የድሮ ባለ እንጨት ሳጥን ምንም ቢሆን ደረት ነበረው። ለእንደ እቴቴ ዓይነት ሰው ደግሞ ቴሌቪዥን ከምስሉ ይልቅ ድምፅ ነው። ወጥ እያማሰሉ፣ ጥጥ እየፈተሉ፣ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር የሚከፈት ነገር ነው። ትልቋ ልጅ «ዓይኗ ደክሟል» ያለችው እውነት ነው። ግን ከዓይናቸው ቀድሞ የደከመ ነገር እንዳለ ከሰባት ባሕር ማዶ ሆና እንዴት ታውቀዋለች?

በመጨረሻ ወንበሩን አርባ ሦስት ኢንቹ ፊት አዞርነው። እቴቴ ከተቀመጡበት ሳይነሱ የዜናውን ተንሸራታች ጽሑፍ አነበቡ። በዚያው ተስማማን። በተረፈው ገንዘብ አንዲት ደህና ድምፅ ማጉያና ለመብራቱ መሄድ መምጣት መጠበቂያ የሚሆን ስታብላይዘር ገዛን። ልጁ ስድሳ አምስቱን ስላልወሰድንለት ቅር ብሎታል፤ ግን ስንወጣ «ጋሼ፣ ያቺን የአራት ለሦስቷን ነገር አንዴ ድገምልኝማ» አለኝ። ደገምኩለት።

ቤት ገብተን ቡፌው ላይ፣ እቴቴ ሲቀመጡ በዓይናቸው ትክክል እንዲሆን አድርገን አስቀመጥነው። የጎረቤት ሰው መጥቶ «ለምን ከፍ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ አትሰቅሉትም? እንደ ሆቴል እንዲያምር» አለ። ሆቴል ውስጥ እኮ ቴሌቪዥን ከፍ ብሎ የሚሰቀለው የቆመውም ከኋላ የተቀመጠውም እንዲያየው ነው። እቴቴ ጋ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የለም።

እንዳትሳሳቱ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ኃጢአት ነው አላልኩም። ሰፊ ሳሎን ያለው፣ ቤተሰቡ በርከት ያለ፣ ኳስ ሲኖር ሰፈሩን የሚጠራ ሰው ሰባ አምስቱን ይግዛ፤ ይባረክለት! እኔ የምለው ለግድግዳችሁ ሳይሆን ለወንበራችሁ ግዙ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሳሎናችሁን ለኩ። በፍላሽ ቤታችሁ የምታዩትን ነገር፣ ከተቻለም የምታውቁትን ሰው ፊት፣ ይዛችሁ ሂዱ። የማታውቁት አገር በቀቀን ቢወፍር በምን ታውቃላችሁ? የምታውቁት ሰው ሲወፍር ግን ወዲያው ትነቃላችሁ።

ማታ ልጆቹ በቪዲዮ ደወሉ። እቴቴ ስልኩን ይዘው ቴሌቪዥኑን አሳዩአቸው። ከወዲያ ማዶ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ትልቋ፣ ያቺ ሙሽራ፣ «እማዬ፣ ትንሽ አይደለም እንዴ? ትልቁን ነበር እኮ ያልኩት!» አለች። በኔ ላይ መናደዷ ያስታውቃል። እኔም ስለ ኢንችና ስለ ሴንቲ ሜትር ላስረዳ ጉሮሮዬን ስጠርግ እቴቴ ቀደሙኝ።

«ቤቱም ትንሽ ነው፤ ረስታችሁት ነው» አሏት። «ኑና እዩት።»